ደም ግባት ለወንድ ይባላል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። የአጎቴ ልጅ ሲዳር «ሙሽራው ደም ግባት አለው» ብዬ ሚዜዎቹ ሳቁብኝ። «እሱማ ለሴት ነው የሚባለው» አሉኝ። እውነት ነው? ደግሞስ ደምን ከቁንጅና ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ ልክ ብለሻል፣ እህቴ። ደም ግባት ለሴትም ለወንድም ይባላል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ምሳሌ 31፥30 ስለ ሴት ሲናገር «ውበት ሐሰት ነው፥ ደም ግባትም ከንቱ ነው» ይላል። ኢሳይያስ 53፥2 ግን የሚናገረው ስለ ወንድ ነው፦ «መልክና ውበት የለውም፥ ባየነውም ጊዜ እንወድደው ዘንድ ደም ግባት የለውም።»

ይህችን የኢሳይያስን ቃል ደግመሽ አንብቢያት። መልክና ውበት አንድ ላይ ተጠሩ። ደም ግባት ለብቻው መጣ፤ ያውም «እንወድደው ዘንድ» ተብሎ። ቆንጆ ሆኖ የማይወደድ ሰው አለ። መልኩ መካከለኛ ሆኖ ገና ሲያዩት ሆድ የሚያባባም አለ። ደም ግባት ያለው ይሄኛው ነው።

ልጅ ሳለሁ እዚያው ደሴ፣ አያቴ ቡናው እስኪፈላ የዘመድ ፎቶ ያዩ ነበር። አንዱን ጎረምሳ ጠጋ አድርገው አይተው፣ «መልክስ መልክ ነበር፤ ደም ግባት ነሳው እንጂ!» አሉ። ማን እንደነሳው አልተናገሩም። ሰጪውም ነሺውም ፈጣሪ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ይህ አነጋገር እስካሁን ደስ ይለኛል። ቃሉ «አለው»፣ «ሰጠው»፣ «ነሳው» ከሚሉት ጋር ነው የሚሄደው። «ደም ግባት ናት» አይባልም፤ «ደመ ግቡ ናት» ግን ያስኬዳል።

የደሙን ነገር በተመለከተ፣ አማርኛ መወደድንና መጠላትን ለደም ይሰጣል። የሚወደደው ደመ ግቡ፣ የሚጠላው ደመ መራራ ነው። «ግባት» የወጣው «ገባ» ከሚለው ግስ ነው። «ደም ግብዓት» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ ስህተት ነው። ግብዓት የፋብሪካ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ደም ግባት ለሰው እንጂ ለንግግር አይሆንም። ለንግግር «ለዛ» አለልን። ሙሽራው ጨዋታም የሚያውቅ ከሆነ፣ «ደም ግባትም ለዛም አለው» በያቸው።