የ11 ቀን መንገድ ለምን 40 ዓመት ፈጀ?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ በዐቢይ ጾም ኦሪት ዘዳግምን ከመጀመሪያው ማንበብ ስጀምር፣ ምዕራፍ 1 ቁጥር 2 ላይ ከኮሬብ እስከ ቃዴስ በርኔ ያለው መንገድ የ11 ቀን መሆኑን አየሁ። በሰንበት ትምህርት ቤት የተማርኩት ግን እስራኤላውያን 40 ዓመት በምድረ በዳ ሲጓዙ መኖራቸውን ነው። ይህን ለልጄ ሳነብለት «መንገድ ጠፍቷቸው ነው ወይስ ክብ እየዞሩ ነው?» ብሎ ጠየቀኝና የምመልስለት አጣሁ። ቢያስረዱኝ። (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መልስ፦ ልጅዎ የጠየቀው ሙሴ ራሱ አድማጮቹን ሊያስጠይቃቸው የፈለገውን ነገር ይመስለኛል። ቁጥር 2 ላይ «11 ቀን» ካለ በኋላ፣ ቁጥር 3 ላይ ሙሴ ለሕዝቡ የተናገረው በ40ኛው ዓመት በ11ኛው ወር እንደ ነበረ ይነግረናል። ሁለቱ ቁጥሮች እንዲህ ተጠጋግተው የተቀመጡት ሰሚው እንዲደነግጥ ነው ብል አላጋንንም።

አስቀድሜ ግን በጥያቄዎ ውስጥ ያለችውን «ሲጓዙ» የምትል ቃል ላርም። እስራኤላውያን 40 ዓመት በምድረ በዳ ኖሩ እንጂ 40 ዓመት አልተጓዙም፤ ከዘመኑ የሚበዛው ድንኳን ተክለው የተቀመጡበት ነው። መጽሐፉ ራሱ ቀኑን እየቆጠረ ስለሚሄድ ይህን ማስላት አያስቸግርም። ከግብፅ የወጡት በመጀመሪያው ወር በ15ኛው ቀን ነው። በሦስተኛው ወር ሲና ምድረ በዳ ደረሱ (ኮሬብ የተባለውም ይኸው የሲና ተራራ ነው)፤ ከዚያ የተነሡት ደግሞ በሁለተኛው ዓመት በሁለተኛው ወር በ20ኛው ቀን ነው። ስለዚህ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ድረስ ከተራራው ሥር ሰፍረው ቆዩ፤ ከዘጸአት ምዕራፍ 19 ጀምሮ ዘሌዋውያንን በሙሉ አልፎ እስከ ዘኍልቍ ምዕራፍ 10 የሚደርሰው ረጅም ንባብ የዚያ የአንድ ሰፈር ታሪክ ነው።

ከሲና በኋላ የነበረው መንገድ ያን ያህል ረጅም አልነበረም። በቀን 20 ወይም 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መንገደኛ በ11 ቀን ከ220 እስከ 275 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ይህም ከእኛ ከተማ ሐረር ድረስ ያለውን 55 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አራት አምስት ጊዜ እንደ መሄድ ነው። ሕፃናትና መንጋ ይዞ ለሚሄድ ሕዝብ እርግጥ ይዘገያል። በእግሩ ቁልቢ ገብርኤል የሄደ ሰው፣ ጎረምሳው የሚገሰግስበትን ዳገት ልጅ ያዘለች እናት ስትወጣው ስንት ጊዜ እንደምታርፍ አይቷል። ያም ሆኖ የሚጨምረው ቀናት ወይም ሳምንታት እንጂ ዓመታት አይሆኑም።

ደግሞም ቃዴስ ደርሰው ነበር፤ ነገሩ የተበላሸው እዚያ ከደረሱ በኋላ ነው። ምድሪቱን እንዲሰልሉ የተላኩት 12 ሰዎች በ40ኛው ቀን ሲመለሱ፣ ሁለት ሰው በመሎጊያ የተሸከመው የወይን ዘለላ፣ ሮማንና በለስ ይዘው መጡ። ፍሬው ሁሉንም ደስ አሰኘ፤ የአገሩ ሰው ግዝፈትና የከተሞቹ ቅጥር ግን ዐሥሩን አስፈራቸው፤ በገዛ ዓይናቸው እንደ አንበጣ ሆነው እንደ ታዩ ተናገሩ። ሕዝቡም ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሮ፣ አለቃ ሾመን ወደ ግብፅ እንመለስ አለ። የተፈረደባቸው ለአንዱ ቀን አንድ ዓመት ነው፤ ከካሌብና ከኢያሱ በቀር፣ ከተቆጠሩት መካከል ዕድሜው 20 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ ወደ ምድሪቱ እንዳይገባ ተባለ። እንግዲህ 40 ዓመት የተባለው አንድ ትውልድ አልፎ ሌላ እስኪተካ የተጠበቀበት ጊዜ ነው። ከቃዴስ በርኔ ተነሥተው የዘሬድን ወንዝ እስኪሻገሩ 38 ዓመት እንደ ሆነ ዘዳግም 2፥14 በግልጽ ይቆጥረዋል። ልጅዎ «ክብ እየዞሩ» ያለውም ጨርሶ ስሕተት አይደለም፤ እዚያው ምዕራፍ ላይ የሴይርን ተራራ ብዙ ቀን መዞራቸውና ይበቃችኋል መባላቸው ተጽፏል።

ስለ እነዚያ 38 ዓመታት መጽሐፉ የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው። ዘኍልቍ 33 የሰፈሮቹን ስም ሲዘረዝር፣ መነሻቸው ራምሴ ከታከለች 42 ይሆናሉ፤ በሐጼሮትና በዔጽዮንጋብር መካከል ብቻ 17 ስሞች ተደርድረዋል፤ ከእነዚህ በአብዛኞቹ ምን እንደ ተደረገ አልተጻፈም። እኔን ከዚያ ዝርዝር ይልቅ የሚስበኝ ዘኍልቍ 9፥22 ነው። ደመናው በማደሪያው (በመገናኛው ድንኳን) ላይ ሁለት ቀን ቢቆይ ወይም አንድ ወር ቢቆይ ወይም ከዚያ ቢበልጥ፣ እስኪነሣ ድረስ ሕዝቡ አይነሣም ነበር። ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት ሌዋውያኑን እናስብ። የማደሪያው ሳንቃዎች 48 ነበሩ፤ እያንዳንዱ ሳንቃ የቆመውም አንድ አንድ መክሊት በሚመዝኑ ሁለት የብር እግሮች ላይ ነው፤ የመጋረጃው ምሰሶዎች ሲጨመሩ እግሮቹ 100 ይሞላሉ። ይህን ሁሉ ነቅለው፣ በ12 በሬዎች በሚጎተቱ ስድስት ሠረገሎች ላይ ጭነው ከሄዱ በኋላ በደረሱበት መልሰው ይተክሉታል፤ የሚቆየው ለአንድ ሌሊት ይሁን ለአንድ ዓመት ግን የሚያውቅ አልነበረም። ከሠረገሎቹ ሁለቱ ለጌድሶን ልጆች፣ አራቱ ለሜራሪ ልጆች ተሰጡ፤ ታቦቱንና ንዋየ ቅድሳቱን የያዙት የቀዓት ልጆች በትከሻቸው መሸከም ስላለባቸው ሠረገላ አልተሰጣቸውም። (በጥምቀት ታቦታቱ በካህናት ራስ ላይ ሆነው ሲወርዱ ባየሁ ቁጥር እነዚህ የቀዓት ልጆች ይታወሱኛል።)

ለልጅዎ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ልጨምርለት። በሲና ሌዋውያን ሳይጨመሩ የተቆጠሩት ወንዶች 603,550 ነበሩ፤ በዘመኑ መጨረሻ በሞዓብ ሜዳ የተቆጠሩት ደግሞ 601,730። ቢቀንሰው ልዩነቱ 1,820 ብቻ ይሆንበታል፤ ከሁለት ሰዎች በቀር ግን ከፊተኞቹ በሁለተኛው ቆጠራ ውስጥ የተገኘ የለም።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጀጎል ውስጥ ዝርግ ጣራ ባለው አሮጌ ቤት ነው፤ እናቴም በርበሬዋን የምታሰጣው እዚያው ጣራ ላይ ነው። ባለፈው ወር የወንድሜ ልጅ ኳሱን ተከትሎ ጠርዙ ላይ ሲደርስ በሸሚዙ ይዛ አስቀረችው። ማታ ይህን ስንጫወት አንድ ጎረቤታችን፣ የሙሴ ሕግ ለጣራ መከታ እንዲሠራ ያዝዛል አሉን። እውነት ነው? ከሆነስ በድንኳን ለሚኖር ሕዝብ ስለ ጣራ ማዘዝ ምን ይጠቅመዋል? (ከሐረር)

መልስ፦ ልጁ እንኳን ተረፈ። ጎረቤታችሁ ያሉት እውነት ነው፤ ሕጉ ያለው ዘዳግም 22፥8 ላይ ነው። አዲስ ቤት የሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ሳያደርግ ቀርቶ ሰው ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ ይሆናል። የኋላ ዘመን የአይሁድ ሊቃውንት የመከታው ቁመት ከ10 ጋት እንዳያንስ ወስነዋል፤ ይህም ጎልማሳ ሰው ወገብ አካባቢ የሚደርስ ነው።

የዚያን አገር ቤት ለማሰብ ሐረሮች ከሌላው አንባቢ ይልቅ ይቀላችኋል። ጣራው ዝርግ ስለ ነበር እህል ይሰጣበታል፣ ሲሞቅ ይታደርበታል፣ እንግዳ ይጫወትበታል። ረዓብ ሁለቱን ሰላዮች በኢያሪኮ የሸሸገቻቸው ጣራዋ ላይ በደረደረችው የተልባ አገዳ ውስጥ ነው፤ ሳሙኤል ከሳኦል ጋር የተነጋገረው በሰገነት ላይ ነው፤ ጴጥሮስም በኢዮጴ ሊጸልይ የወጣው ወደዚያው ነው። ሰው የሚውልበት ጣራ ሰው የሚወድቅበት ጣራ ነው፤ ሕጉም አደጋው ከደረሰ በኋላ ባለቤቱን ከመክሰስ ይልቅ አስቀድሞ ግንብ ያሠራዋል። በዘጸአት 21 ጕድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፣ የሌላው በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ዋጋውን እንደሚከፍል ተጽፏል፤ ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት በሬውን ያልጠበቀም ሰው ቢገደል በብርቱ ይጠየቃል። ሁሉም «ክፉ አላሰብኩም» ማለት ብቻውን ነጻ የማያወጣባቸው ጉዳዮች ናቸው።

ለድንኳን ነዋሪ ምን ይጠቅመዋል ላሉት፣ ዘዳግም የተነገረበትን ቦታ ያስታውሱ። ሙሴ የሚናገረው በሞዓብ ሜዳ፣ ዮርዳኖስን ሊሻገሩ በተቃረቡበት በመጨረሻው ዓመት ነው። ከሚሰሙት መካከል ብዙዎቹ በድንኳን ተወልደው ያደጉ ስለሆኑ የራሳቸው ጣራ ኖሯቸው አያውቅም። ስለ እርሻ ድንበር፣ ስለ ወይን ቃርሚያና ስለ ሐሰተኛ ሚዛን የተሰጡት ትእዛዞችም እንዲሁ ገና እርሻም ገበያም ላልነበረው ሕዝብ ነው የተነገሩት። የሚያስደንቀኝ ግን የዚህ ተቃራኒ መኖሩ ነው። ዘሌዋውያን 23 ቤት ሠርተው ከተቀመጡ በኋላ በየዓመቱ ለሰባት ቀን ከቤታቸው ወጥተው በዳስ እንዲቀመጡ ያዝዛል፤ ይኸውም አባቶቻቸው በዳስ መኖራቸውን ልጆቻቸው እንዲያውቁ ነው። በድንኳን ሳሉ ጣራ እንዲያስቡ፣ በጣራ ሥር ሲሆኑ ደግሞ ዳሱን እንዳይረሱ ሆነዋል።

ጣራችሁን በተመለከተ ሁለት ሦስት ረድፍ ድንጋይ ይበቃል አልልም፤ አሮጌ የጭቃ ጣራ የሚችለውን ክብደት የሚያውቅ ግንበኛ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እስከዚያው ግን ኳሱ ወደ ጣራ አይውጣ።

ጥያቄ፦ ሕጉ ሁሉ በአንድ ጊዜ በሲና ተራራ ላይ ነው የተሰጠው? (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

መልስ፦ አይደለም። ዐሠርቱ ቃላትና ከሕጉ ብዙው የተሰጡት በሲና ነው፤ አንዳንዱ ድንጋጌ ግን ሰው ቀርቦ ስለ ጠየቀ ወይም ያልታሰበ ጉዳይ ስለ ተነሣ የመጣ ነው። ሬሳ ነክተው ስለ ረከሱ ፋሲካን በጊዜው ማድረግ ያልቻሉ ሰዎች ስለምን እንከለከላለን ብለው ወደ ሙሴ መጡ። ሙሴም ከራሱ አልመለሰላቸውም፤ እግዚአብሔር የሚያዝዘውን እስኪሰማ ድረስ እንዲቆዩ ነገራቸው (የዚህ ዓምድ አዘጋጅ ከሙሴ ሊማር የሚገባው ትዕግሥት ነው)። በዚህም ምክንያት የረከሰ ወይም ሩቅ መንገድ ላይ ያለ ሰው በሁለተኛው ወር በ14ኛው ቀን ፋሲካን እንዲያደርግ ተፈቀደ።

ከሁሉ የጠነከረው ጥያቄ ግን የአምስት እኅትማማቾች ነው። ማህለህ፣ ኑዓ፣ ዔግላ፣ ሚልካና ቲርጻ የሚባሉት የሰለጰዓድ ልጆች በመገናኛው ድንኳን ደጃፍ በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆመው፣ አባታችን ወንድ ልጅ ስላልነበረው ስሙ ስለምን ይጠፋል፤ በአባታችን ወንድሞች መካከል ርስት ስጡን አሉ። መልሱም «እውነት ተናገሩ» የሚል ነበር፤ ወንድ ልጅ ሳይኖረው የሞተ ሰው ርስቱ ለሴት ልጁ እንዲያልፍ ሕግ ሆነ። ቆይቶ የነገዳቸው አለቆች፣ ከሌላ ነገድ ካገቡ መሬቱ ከእኛ ይወጣል ብለው አቤት ስላሉ፣ ከአባታቸው ነገድ እንዲያገቡ ተወሰነና የአጎቶቻቸውን ልጆች አገቡ። ሙሴ ካረፈ በኋላ እነዚሁ ሴቶች በካህኑ በአልዓዛርና በኢያሱ ፊት ቀርበው የተፈረደላቸውን አስታወሱ፤ በኢያሱ ምዕራፍ 17 እንደ ተጻፈውም በምናሴ ነገድ ድርሻ ውስጥ ርስታቸውን ተቀበሉ።