የኮሎራዶ ከፍታ ብቻውን ምክንያት ይሆናል?

በኮሎራዶ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ዝቅተኛ የሆነው ግዛቱ ከፍተኛ ቦታ ላይ ስለሚገኝ ነው ወይ ብለው ለጠየቁት፣ ከፍታ የምግብ ፍላጎትን በመጠኑ ሊቀንስ እንደሚችል የሚጠቁሙ ጥናቶች ቢኖሩም ልዩነቱን ሁሉ በእርሱ ማስረዳት የሚቻል አይመስለኝም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ባጠናቀረው የ2022 እ.ኤ.አ. መረጃ፣ በዌስት ቨርጂኒያ 41 በመቶ፣ በኮሎራዶ ደግሞ 25 በመቶ ገደማ የሚሆኑ አዋቂዎች ይህ ችግር አለባቸው (ክብደቱ በስልክ የሚጠየቅ በመሆኑ ትክክለኛው ቁጥር ከዚህ ሊበልጥ ይችላል)። ከኮሎራዶ እንኳ በጥቂቱ ያነሰ መጠን የተመዘገበው ግን ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማትለው በዋሽንግተን ዲሲ ነው።

በእኔ ግምት የበለጠ የሚያስረዳው የኑሮ ሁኔታ ነው። ዌስት ቨርጂኒያ ተራራማ ብትሆንም የድንጋይ ከሰል ሥራ የተዳከመባት፣ ገቢዋ ዝቅተኛ የሆነ፣ ነዋሪዎቿ በዕድሜ የገፉና ለገበያም ለሥራም መኪና የሚያስፈልጋቸው ግዛት ናት፤ በዲሲ ግን ብዙ ሰው በእግሩና በባቡር ይንቀሳቀሳል፣ የትምህርት ደረጃውም ከፍ ያለ ነው። በዚያችው ከተማ ውስጥ እንኳ፣ ድህነት በጠናባቸውና ትልልቅ የምግብ መደብሮች ጥቂት በሆኑባቸው ከአናኮስቲያ ወንዝ በስተምሥራቅ ባሉ ሰፈሮች መጠኑ ከሌሎቹ እጅግ ከፍ ይላል።