ከሥራ ስትሰናበቱ የምትጽፉት ቃል

ውድ ልጆቼ፣

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን፣ ለሠራተኛውም ለአሠሪውም፣ ሒሳብ ስሠራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ በሕግ የሚገባውን ገንዘብ በይሉኝታ ወይም በዝምታ ያጣ ሰው ነው። ሁላችንም «አንኢምፕሎይመንት» እያልን ስለምንጠራው የሥራ አጥነት መድን ልጽፍላችሁ የተነሣሁትም ስለዚህ ነው።

ይህ ገንዘብ ምጽዋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 በወጣው የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ላይ የተመሠረተ መድን ሲሆን፣ አጠቃላይ ደንቡን የፌዴራል መንግሥት ያወጣል፣ እያንዳንዱ ስቴት ደግሞ በራሱ መሥሪያ ቤት ያስተዳድረዋል። ወጪውን የሚሸፍነው አሠሪው በሠራተኞቹ ደመወዝ ልክ የሚከፍለው ታክስ ነው፤ ከአላስካ፣ ከኒው ጀርሲና ከፔንሲልቬኒያ በቀር ለዚህ ተብሎ ከሠራተኛ ደመወዝ የሚቆረጥ ነገር የለም።

መሥሪያ ቤቱ መብታችሁን የሚለካው አሠሪያችሁ በየሦስት ወሩ ባስመዘገበው ደመወዝ ነው። በአብዛኛው የሚታዩት ካለፉት አምስት ሙሉ ሩብ ዓመታት የመጀመሪያዎቹ አራቱ ስለሆኑ፣ በሜይ ወር ላመለከተ ሰው ያለፈው ዓመት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ያገኘው ደመወዝ ይታሰብለታል። ደመወዙን ያለ መዝገብ በጥሬ ገንዘብ ሲቀበል የኖረ ልጅ ግን በዚያ መዝገብ ላይ የለም፤ ታክስ ቀረልኝ ብሎ የተደሰተበት ገንዘብ በክፉ ቀን ይጎዳዋል። በ«ቴን ናይንቲ ናይን» (1099) የታክስ ቅጽ እየተከፈለው የሚሠራ ሹፌርም በአብዛኛው ተቀጣሪ ሳይሆን ለራሱ እንደሚሠራ ሰው ስለሚቆጠር በመደበኛው መድን አይሸፈንም፤ በኮቪድ ጊዜ በ2020 ለእንዲህ ያሉ ሰዎች የወጣው ልዩ ፕሮግራም በሴፕቴምበር 2021 አብቅቷል።

ከዓመታት በፊት በመኪና ማቆሚያ ይሠራ የነበረ አንድ ወጣት ወደ እኔ መጣ። ሥራው ስለቀዘቀዘ አለቃው «ስምህ እንዳይበላሽ አንተው በፈቃዴ ለቅቄአለሁ ብለህ ጻፍልኝ» ብሎት፣ ልጁም ያበላኝን ሰው አላስቀይምም ብሎ ፈርሞ ነበር። በሕጉ ፊት ሥራ ጠፍቶ የተቀነሰ ሰው ገንዘቡን ያገኛል፤ በቂ ምክንያት ሳይኖረው በፈቃዱ የለቀቀ ግን ይከለከላል። ተባሮ የወጣም ቢሆን ጥፋት መፈጸሙን ማስረዳት የአሠሪው ፋንታ ነው፣ ሥራው ስላልሆነለት ብቻ የተባረረ ሰውም እንደ አጥፊ አይቆጠርም። ያ ወጣት የተከለከለው በገዛ ፊርማው ነው። ስለዚህ የተሰናበታችሁበትን ምክንያት እንደሆነው ጻፉ፤ ያልሆነውን ጽፋችሁ ፈርሙ ቢሏችሁ፣ ለምኖ የሚያስፈርማችሁ የአገራችሁ ሰው እንኳ ቢሆን፣ እምቢ በሉ። ማመልከቻውንም በዚያው ሳምንት አስገቡ፣ ክፍያው በአብዛኛው የሚቆጠረው ካመለከታችሁበት ሳምንት ጀምሮ ነውና።

ነገ የራሳችሁን ምግብ ቤት ወይም ሱቅ የምትከፍቱም አላችሁ። ሠራተኛችሁ ሲያመለክት መሥሪያ ቤቱ ለምን እንደተለያያችሁ በደብዳቤ ይጠይቃችኋል፤ የመልሱ ጊዜ አጭር ነው፣ በብዙ ስቴቶች ወደ 10 ቀን ገደማ። ደንበኛዬ የነበረ አንድ ባለ ምግብ ቤት ደብዳቤውን ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው፤ ውሳኔው በሠራተኛው ቃል ብቻ ተሰጠ። በእናንተ ሒሳብ ላይ ክፍያ በበዛ ቁጥር የስቴት ታክሳችሁ መጠን ከፍ ይላል። ሠራተኛው በተደጋጋሚ ቀርቶ ከሆነ ቀኑንና የሰጣችሁትን ማስጠንቀቂያ አያይዛችሁ መልሱ፤ ሥራ ጠፍቶ ያሰናበታችሁት ከሆነም እውነቱን ጻፉለት።

ገንዘቡ ከተፈቀደ በኋላ በየሳምንቱ ወይም ስቴቱ ባዘዘው ጊዜ ሥራ መፈለጋችሁንና ለመሥራት ዝግጁ መሆናችሁን ታረጋግጣላችሁ፤ የሥራ ፈቃዳችሁም የጸና መሆን አለበት። በመሐል ሁለት ቀን ሠርታችሁ ከሆነ፣ የተከፈላችሁበትን ሳይሆን የሠራችሁበትን ሳምንት ደመወዝ፣ ታክስ ሳይቆረጥ ያለውን፣ አስታውቁ። ሆን ብሎ የደበቀ ሰው የወሰደውን ከመመለሱም በላይ ቢያንስ 15 ከመቶ ቅጣት ይጨመርበታል።

ከተከለከላችሁ ይግባኝ አለ። በሜሪላንድ 15 ቀን፣ በቨርጂኒያ 30 ቀን ነው፤ በሌላ ስቴት ያላችሁ ከውሳኔው ደብዳቤ ላይ ታገኙታላችሁ። ይግባኙ እስኪወሰን ድረስ የየሳምንቱን ማረጋገጫ አታቋርጡ፣ በኋላ ብትረቱ እንኳ ያልሞላችሁት ሳምንት ሊቀርባችሁ ይችላል። ችሎቱ ብዙ ጊዜ በስልክ ነው። አማርኛ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ እንዲመደብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ የምትረዱም ብትሆኑ ራሳችሁ ከማስተርጎም ይልቅ ይህንኑ ጠይቁላቸው።