ሁሉም ትእዛዝ የሚጨምርበት ቦት በጋራ ሰርቨር ላይ

ጥያቄህን እንደገባኝ ልድገመው። ጓደኛሞች ሆናችሁ አንድ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ እያንዳንዳችሁ አካውንት አላችሁ፤ የምታወሩትም እዚያው በተከፈተ የአይአርሲ (የቆየ የጽሑፍ ማውሪያ ስርዓት) ቻናል ነው። አሁን ቦት፣ ማለትም ቻናሉ ላይ ሆኖ ለትእዛዝ የሚመልስ ፕሮግራም፣ ልትሰራ አስበሃል፤ ማንም አባል አንተን ሳያስፈቅድ፣ ቦቱም ጠፍቶ ሳይነሳ፣ የራሱን ትእዛዝ እንዲጨምርበት ትፈልጋለህ። «የፕለጊን (በዋናው ፕሮግራም ላይ የሚሰካ ተጨማሪ) ስርዓቱን በፓይተን እንዴት ልጻፈው?» ነው ያልከው። እንዲህ ያለ ቦት በጋራ ሰርቨር ላይ ለዓመታት ስንከባከብ ስለቆየሁ አጭሩ መልሴ ይሄ ነው፦ የፕለጊን ስርዓት አትጻፍ፤ የሊኑክስ ቤተሰብ የሆነው ዩኒክስ ራሱ አንድ አለው። ረጅሙን መልስ ከፈለግህ ቡናህን ይዘህ ተቀመጥ።

የሌሎችን የፓይተን ሞጁል እየጫነ የሚሄድ ቦት በራስህ ላፕቶፕ ላይ ችግር የለበትም። በጋራ ሰርቨር ላይ ግን የሌላ ሰው ኮድ አንተ ፕሮሰስ (እየሄደ ያለ ፕሮግራምህ) ውስጥ ገባ ማለት ነው። አንዱ አባል ማቆሚያ የሌለው ሉፕ ከጻፈ ቦቱ በሙሉ ደርቆ ይቀራል፤ የአይአርሲ ሰርቨሩ በየጊዜው ለሚልከው ፒንግ ፖንግ ብሎ ስለማይመልስም ግንኙነቱ ይቆረጣል። ይባስ ብሎ ያ ኮድ የሚሄደው በአንተ ስም ነው፤ አንተ የምታነበውን ፋይል ሁሉ ያነባል፣ የቦቱን ፓስወርድ ጨምሮ። ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፣ ፓይተን የማይጽፍ አባል ገና ከበሩ ተመለሰ። እኛ ጋ በጣም የተወደዱትን ትእዛዞች የጻፈው ከባሽና ከኦክ (የሊኑክስ የትእዛዝ መስመር ቋንቋዎች) ውጭ ምንም የማይነካ የኔትወርክ ሰው ነው።

በቦቱ ውስጥ ስክሪፕት መጫን የቆየ መንገድ መሆኑን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ1993 መጨረሻ የተጀመረው ኤግድሮፕ የተባለው የአይአርሲ ቦት ዋናው በሲ፣ ተጨማሪው ቲሲኤል በሚባል የስክሪፕት ቋንቋ ነው፤ ዛሬም ይሰራል። ግን ኤግድሮፕ ባለቤት አለው፤ የትኛው ስክሪፕት ይጫን፣ የትኛው ይውጣ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። አንተ ደግሞ የምትፈልገው ባለቤቱን ከመሃል ማውጣት ነው። ስለዚህ ቦትህ የእድር ጥሩምባ ነፊ ይሁን፤ የተነገረውን ያደርሳል እንጂ ስለ ጉዳዩ አይወስንም።

በተግባር እንዲህ ነው። አንድ ትእዛዝ አንድ ፋይል ይሆናል። ቻናሉ ላይ አንድ ሰው «!ሰዓት» ብሎ ሲጽፍ ቦቱ የትእዛዝ ፎልደሩን ያያል፤ «ሰዓት» የሚባል፣ የማስኬድ ፈቃድ ያለው ፋይል ካገኘ ያስነሳዋል፤ የተጻፈውን ቀሪ ቃል በስታንዳርድ ኢንፑት (የፕሮግራሙ መደበኛ መግቢያ) ያቀብለዋል፤ ፕሮግራሙ በስታንዳርድ አውትፑት (በመደበኛ መውጫው) ያወጣውን ደግሞ ወደ ቻናሉ ይመልሳል። አለቀ። ፎልደሩ የሚታየው በተጠራ ቁጥር ስለሆነ ሪስታርት የሚባል ነገር የለም፤ አዲስ ፋይል ያስቀመጠ ሰው በሚቀጥለው ሰከንድ ትእዛዝ አለው። ቋንቋውም የጸሐፊው ምርጫ ነው። አዲስ ግኝትም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ለድረ ገጽ ሰርቨሮች የመጣው ሲጂአይ ያደረገው ይህንኑ ነው። የፋይል ስም በፊደላችን መሆኑ አያስጨንቅህ፤ ሊኑክስ የሚቆጥረው ባይት ነው፣ ጣሪያው 255 ባይት ስለሆነም እስከ 85 ፊደል ያስገባልሃል።

ዋናው ነገር ፋይሉ በማን ስም ይሄዳል የሚለው ነው። ሰው ሁሉ ጊዜውን ኮዱ ላይ ያጠፋና እዚህ ላይ ይቸኩላል።

ቀላሉ መንገድ አንድ የጋራ ፎልደር ነው። ለአባላቱ አንድ ግሩፕ ይፈጠርና ፎልደሩ ፐርሚሽኑ (የፈቃድ ቁጥሩ) 3775 ይሆናል፤ የመጀመሪያው 3 የ2 እና የ1 ድምር ነው፤ 2ቱ አዲስ ፋይል ሁሉ የግሩፑን ስም እንዲወርስ ያደርጋል፣ 1ዱ ደግሞ ስቲኪ ቢት ነው፤ ቴምፕ ፎልደር ላይ እንዳለው፣ አንዱ የሌላውን ፋይል እንዳያጠፋ ይከለክላል። በዚህ መንገድ ስክሪፕቱ ሁሉ የሚሄደው በቦቱ ስም ነው። ስለዚህ ቦቱን በፍጹም በራስህ አካውንት አታስነሳ። አስተዳዳሪውን ለቦቱ ብቻ የሚሆን አካውንት ጠይቅ፤ ሆም ፎልደሩ ውስጥ የኤስኤስኤች ቁልፍም ሆነ ሌላ ሚስጥር አይኑር። አባላቱ የሚተዋወቁ ከሆኑ ለመጀመሪያ ዓመት ይሄ ይበቃችኋል። ድክመቱን ግን እወቅ፤ ማንም ስክሪፕት ቦቱን ራሱን መግደል ይችላል፤ የፕሮሰስ ብዛት ገደቡም በዩዘር ስለሚቆጠር አንድ ስክሪፕት እየተባዛ ኮታውን ከጨረሰው ቦቱም አብሮ ይታነቃል።

ሩት (በሰርቨሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን) ያለው ሰው ከተባበራችሁ ሁለተኛው መንገድ ይሻላል። እያንዳንዱ አባል በራሱ ሆም ውስጥ የትእዛዝ ፎልደር ይኖረዋል፤ ሱዶ (በሌላ ሰው ስም ማስኬድን የሚፈቅደው ፕሮግራም) ላይ የቦቱ አካውንት በአባላቱ ስም አንዲት አስነሺ ፕሮግራም ብቻ እንዲያሄድ ይፈቀድለታል። አስነሺዋ የሩት ንብረት ትሁን፣ ሌላ ማንም አይጻፍባት። ከዚያ የከበደ ስክሪፕት በከበደ ስም፣ የአልማዝ በአልማዝ ስም ይሄዳል፤ የከበደ ስክሪፕት ቢያብድ የሚበላው የከበደን ኮታ ነው።

አንዳንዱ ብልጥ «ስክሪፕቴን ሴትዩአይዲ አደርገዋለሁ» ይልሃል፤ ማንም ቢያስነሳው በፋይሉ ባለቤት ስም ይሂድ ማለቱ ነው። ሊኑክስ በስክሪፕት ላይ ያንን ቢት ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ በኮምፓይል በተሰራ ፕሮግራም ላይ ቢሰራለትም በሩን የሚከፍተው ለቦቱ ብቻ ሳይሆን ሰርቨሩ ላይ ላለ ሰው ሁሉ ነው። ይቅርባችሁ።

ሶስተኛው መንገድ ሩትም አያስፈልገውም፤ እኔ የምወደውም እሱን ነው። አባሉ የራሱን ፕሮሰስ ራሱ ያስነሳል፤ ከቦቱ ጋር የሚገናኘው በዩኒክስ ሶኬት ነው፤ ይህም በአንድ ሰርቨር ላይ ያሉ ፕሮግራሞች የሚነጋገሩበት መስመር ነው። ሶኬቱ ላይ የተገናኘው ማን እንደሆነ ለቦቱ የሚነግረው ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ስለሆነ ፓስወርድም ቶክንም አያስፈልግም፤ ሰው በሌላ ስም ልግባ ቢል አይችልም። የዚህን ሐሳብ በጣም የተራቆተ መልክ ለማየት አይአይ የሚባለውን ትንሽ የአይአርሲ ፕሮግራም ሞክር፦ ለእያንዳንዱ ቻናል አንድ ፎልደር ይፈጥራል፤ «ኢን» የሚባለው ፊፎ (አንዱ የጻፈበትን ሌላው ፕሮግራም የሚያነብበት ልዩ ፋይል) ውስጥ የጻፍከው ወደ ቻናሉ ይሄዳል፣ ቻናሉ ላይ የተባለው «አውት» በሚባለው ፋይል ይጠራቀማል። ብዙ ሰው በአንድ ፊፎ ቢጽፍ መስመሩ አይደባለቅም ወይ ብለህ እንዳትሰጋ፤ ሊኑክስ እስከ 4096 ባይት ድረስ በአንድ ጊዜ የተጻፈውን ሳይቆራርጥ ያሳልፋል፣ የአይአርሲ መልእክት ደግሞ ከ512 ባይት አይበልጥም። ጉድለቱ አባሉ ፕሮሰሱን ራሱ በሕይወት ማቆየት አለበት፤ ለጀማሪ ይሄ ያስቸግራል። በመጨረሻ እኛ ጋ የጸናው ቅይጡ ነው፦ ቀልድና ትንንሽ ነገር በጋራ ፎልደሩ፣ የግል ቁልፍ ወይም ዳታቤዝ የሚፈልግ ነገር በሶኬት።

እዚህ ላይ 512 ባይት ያልኩትን ልብ በል፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መመሪያ ይህን አይነግርህም። በዩቲኤፍ 8 (ፊደል ወደ ባይት የሚለወጥበት መንገድ) አንድ ፊደላችን 3 ባይት ነው። ከ512ቱ ላይ የላኪው ስም፣ አድራሻውና የቻናሉ ስም ይቀነሳል፤ የሚተርፍልህ በአንድ መስመር ከ130 ፊደል ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው። ቦትህ ርዝመቱን በፊደል ከቆጠረ ሰርቨሩ ትርፉን በባይት ይቆርጠዋል፤ መቁረጫው ፊደል መሃል ላይ ሲያርፍ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ሳጥን ይታያል። ስለዚህ በባይት ቆጥረህ፣ ወደኋላ ክፍት ቦታ ወይም «፡» ፈልገህ እዚያ ቁረጥ። ደግሞ ስሞቹን ከመፈለግህ በፊት ሞክሼ ፊደሎችን ወደ አንድ አምጣቸው። አንዱ «!ፀሐይ»፣ ሌላው «!ጸሀይ» ብሎ ይጽፋል፤ ለኮምፒውተሩ ሁለቱ ፍጹም የተለያዩ ናቸው፣ የዩኒኮድ ማስተካከያም አያገናኛቸውም። ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነእርባታቸው የሚመልስ ትንሽ ሰንጠረዥ ይበቃሃል። ቦቱ በክሮን (ፕሮግራምን በቀጠሮ የሚያስነሳው የሊኑክስ አገልግሎት) የሚነሳ ከሆነም የቋንቋ ቅንብሩን ወደ ዩቲኤፍ 8 ራስህ አስቀምጥለት፤ አለበለዚያ በእጅ ሲሞከር የሚሰራው ስክሪፕት ከቦቱ ሲጠራ ፊደል ላይ ይወድቃል።

«!ሰዓት» እና «!ቀን» የማይቀሩ ስለሆኑ ሳልረሳው፦ ሰርቨሩ በዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ከሆነ የእኛ ሰዓት አቆጣጠር የሚገኘው 3 ሰዓት በመቀነስ ነው፤ ለምሥራቅ አፍሪካ 3 ትጨምራለህ፣ ለአቆጣጠራችን 6 ትቀንሳለህ። በዩቲሲ ጠዋት 9 ሲል አዲስ አበባ ቀን 6 ሰዓት ነው። ቀኑ ላይ ግን አቋራጭ የለም። መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ የጻፈ ሰው ጳጉሜ 6 በሆነችባቸው ዓመታት አንድ ቀን ይቀድማል፤ የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነበር።

ስለ ደህንነት ብዙ አልልም። ሰው የጻፈውን ቃል በሼል (እንደ ባሽ ያለ የትእዛዝ ተርጓሚ) በኩል አታሳልፍ፤ ፕሮግራሙን በቀጥታ አስነሳው፣ ካልሆነ አንዱ ሰሚኮለን ጨምሮ የፈለገውን ያስኬድብሃል። በኤንቫይሮንመንትም (ፕሮግራም ሲነሳ በሚወርሳቸው ቅንብሮች) መልእክት አታሳልፍ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሼልሾክ የተባለው የባሽ ቀዳዳ የታየው በዚያ በኩል ነው። ከስክሪፕቱ የወጣውን ደግሞ በየመስመሩ ከፋፍለህ፣ የመስመር መመለሻ ምልክቶቹን አጥፍተህ ላክ፤ በአይአርሲ አዲስ መስመር አዲስ ትእዛዝ ስለሆነ ስክሪፕቱ ቦትህን ከቻናሉ ሊያስወጣው ይችላል። ለእያንዳንዱ ጥሪ 10 ሰከንድ ስጥ፤ ሲያልፍ ልጆቹንም ጨምሮ የፕሮሰስ ግሩፑን በሙሉ ግደል። ኒክን (የቻናል ቅጽል ስምን) እንደ መታወቂያ አትመን፤ ባለቤቱ ሲወጣ ሌላ ሰው ሊይዘው ይችላል።

መልሱ ሲበዛስ? የአይአርሲ ሰነድ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ ደንበኛ በየ2 ሰከንዱ አንድ መልእክት ቢልክ አይጎዳም ይላል፤ ከዚያ በላይ ሲጎርፍ ሰርቨሮች ያባርራሉ። 3 መስመር ላክ፣ የቀረውን ፋይል አድርገህ ሊንኩን ስጥ። ሌላው ቦት ከቦት ጋር ሲያወራ ነው። ሰነዱ ኖቲስ ለሚባለው የመልእክት ዓይነት አውቶማቲክ መልስ አይሰጥም ይላል፤ ቦትህ መልሱን በኖቲስ ከላከ፣ ኖቲስንም ካልሰማ፣ ሁለት ቦቶች ሌሊቱን ሙሉ ሲጨቃጨቁ አያድሩም። እኛ ጋ አንድ አባል የራሱን ቦት አምጥቶ በተራ መልእክት እንዲመልስ አድርጎት፣ ጠዋት ስንነሳ ቻናሉ በ«ትእዛዙ አልገባኝም» ተሞልቶ አገኘነው።

አሁን ሰዉን በተመለከተ። ብዙዎች ኮዱን ጊትሃብ (የጋራ ኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ) ላይ አስቀምጠው «ጥያቄ ላኩ፣ አይቼ አስገባለሁ» ይላሉ። በእኔ እምነት ቦቱን የሚገድለው ይሄ ነው። ሰው ቀልድ ሲመጣለት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ማየት ይፈልጋል፤ ነገ ተገምግሞ ሲገባ ቀልዱ በርዷል። ከመገምገም ይልቅ ፎልደሩን በየሰዓቱ በክሮን ወደ ጊት (የፋይል ለውጥ መዝጋቢ) አስገባው፤ የተበላሸ ነገር ካለ ትመልሰዋለህ። «!የማነው» የሚል ትእዛዝ አንተ ራስህ ጻፍ፦ የፋይሉን ባለቤት ስም ይናገር። ተጠያቂነቱ ከዚያ በላይ አያስፈልገውም፤ የስም ሽሚያ ሲነሳ ቀድሞ ያስቀመጠው ይዞ ይቀጥል። አንድ አራት መስመር የሆነ ናሙና ስክሪፕትም ፎልደሩ ውስጥ አስቀምጥ፤ ሰው መመሪያ አያነብም፣ ናሙና ግን ይገለብጣል። ቦቱ የቻናሉን ንግግር መዝገብ የሚይዝ ከሆነ ለአባላቱ ንገራቸው፣ ፋይሉንም 0600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበው) አድርገው። አይአይን ከመረጥክ ግን «አውት» ራሱ መዝገብ ስለሆነና አባላቱ ሊያነቡት ስለሚገባ ለግሩፑ ብቻ ክፈተው።

ሰርቨሩ ሲነሳ ቦቱም እንዲነሳ ቲሙክስ (ከወጣህም በኋላ ተርሚናልህን ክፍት የሚያቆየው) አይበቃም፤ በክሮን የሪቡት መስመር ወይም በሲስተምዲ (የሊኑክስ አገልግሎት አስነሺ) የዩዘር ሰርቪስ አድርገው። ሁለተኛውን ከመረጥክ አስተዳዳሪው ሊንገር የሚባለውን፣ ከወጣህም በኋላ አገልግሎትህን የሚያቆየውን ቅንብር፣ እንዲከፍትልህ ጠይቅ፤ አለበለዚያ ስትወጣ ቦቱም አብሮህ ይወጣል።

አስተያየት ላይ «ወደ ቴሌግራም ቢወሰድስ?» ላለው፦ አሠራሩ ያው ነው፣ የሚቀየረው አፉ ብቻ ነው። ቴሌግራም ላይ በአንድ ቶክን (የቦቱ ሚስጥራዊ ቁልፍ) መልእክት የሚቀበለው ፕሮሰስ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ሰው በአንድ ቶክን ሲያስነሳ 409 የሚል ስህተት ይመጣል። ስለዚህ አንድ አከፋፋይ ኖሮ ሌላው በሶኬት መገናኘቱ እዚያም ግድ ነው። መልእክቱ እስከ 4096 ፊደል ስለሚሄድ የመቁረጡ ጣጣ ይቀንሳል፤ ግን በስላሽ የሚመዘገቡ ትእዛዞች የላቲን ትንንሽ ፊደል፣ ቁጥርና የታች ሰረዝ ብቻ ስለሚቀበሉ «ሰዓት» አይመዘገብም። በ«!» መጥራት ከፈለጋችሁ የግሩፑን መልእክት እንዲያይ የቦቱን ፕራይቬሲ ሞድ ማጥፋት አለባችሁ፤ ያኔ የሚጻፈውን ሁሉ እንደሚያይ ግሩፑ ይወቅ።

ኮድ ከመጀመርህ በፊት ለአስተዳዳሪው ጻፍለት፦ ለቦቱ አካውንት፣ ለአባላቱ ግሩፕ፣ ሊንገር። ሱዶውን ከፈቀደ የአስነሺዋን ፕሮግራም ረቂቅ እዚሁ ለጥፈው፤ አብረን እናየዋለን።