የአንባቢያን ጥያቄ፦ የእህቴ ቀዶ ሕክምና ለምን አልቀደመም?

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከመሐል ሜዳ ነው። የ34 ዓመት እህቴ ልጅ እያጠባች ሳለ ግራ ጡቷ ቀልቶ ስላበጠ በጤና ጣቢያ የጡት ኢንፌክሽን ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጣት። ሁለት ጊዜ ጨርሳ ስላልተሻላት ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈላት። ሲዳሰስ እጢ ባይገኝባትም «ኢንፍላማቶሪ» የሚባል ኃይለኛ የጡት ካንሰር ነው ተባልን። ቀዶ ሕክምናው ግን ከወራት በኋላ ነው አሉን፤ ቤተሰቡ «ሳይሰራጭ ቶሎ ይውጣላት» እያለ ነው። ትድናለች ወይ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እግዚአብሔር ለእህትዎ ምሕረቱን ያውርድላት። የቤተሰቡ ጭንቀት ይገባናል፤ ይሁን እንጂ በዚህ ዓይነቱ ካንሰር ቀዶ ሕክምናው ቢቀድም ጉዳቱ ያመዝናል።

ከጡት ካንሰሮች ሁሉ ከ1 እስከ 5 በመቶ የሚሆነው ይህ ሕመም ብዙውን ጊዜ እጢ ሠርቶ አይቀመጥም፤ በቆዳው ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የሊምፍ (በሕዋሳት መካከል የሚጠራቀም ፈሳሽ) ቧንቧዎች ይደፍናል። ፈሳሹ መውጫ ስለሚያጣ ጡቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያብጣል፣ ይግላል፣ ቆዳውም ጎድጎድ እያለ የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። በጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ ጠቆር ብሎ ስለሚታይ በቀላሉ ይታለፋል። ስለዚህ የምታጠባም ሆነች የማታጠባ ሴት፣ በመድኃኒት ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ያልተሻላት የጡት ቅላት ካለባት፣ ሌላ ዙር መድኃኒት ከመጀመሯ በፊት አልትራሳውንድና የናሙና ምርመራ እንዲደረግላት አጥብቃ ትጠይቅ።

ካንሰሩ በቆዳው ላይ ተበትኖ ሳለ ጡቱ ቢቆረጥ፣ የተሰፋው ጠርዝ ራሱ ሕዋሳቱን ይዞ ሊቀርና ሕመሙ በቁስሉ ላይ ሊመለስ ይችላል። በዚያ ላይ ቁስሉ እስኪድን መላ ሰውነትን የሚያዳርሰው ኬሞቴራፒ (የካንሰር ሕዋሳትን የሚገድል መድኃኒት፣ ባጭሩ ኬሞ) ይዘገያል። ስለዚህ ኬሞው ይቀድማል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከአራት እስከ ስድስት ወር ይወስዳል። ቅላቱ ጠፍቶ ቆዳው ሲለሰልስ ጡቱ በሙሉ ከብብት ንፍፊቶች (የሊምፍ እጢዎች) ጋር ይወጣል፤ ከፊሉን ብቻ ማውጣት እዚህ አያዋጣም። ቀጥሎ የጨረር ሕክምና አለ። «ጡቱ ወጥቷል፣ ጨረሩ ምን ያደርጋል» ብለው የሚያቋርጡ አሉና እባክዎ ይህ እንዳይሆን። ጨረሩ በሳምንት አምስት ቀን ለሳምንታት የሚሰጥ በመሆኑ ከመንዝ መመላለስ አይቻልም፤ አዲስ አበባ የምታርፍበትን የዘመድ ቤት ከአሁኑ ያዘጋጁ።

ኬሞ በምትወስድበት ጊዜ ማጥባቷን ታቁም። ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ በአቅራቢያዋ ወዳለው ሆስፒታል ትወሰድ። ጠበሏንም ትከታተል፤ ቀጠሮዋ ግን አይለፍ፤ ስለ ጾሙም የንስሐ አባቷን ታማክር።

ትድናለች ወይ ላሉት፣ ተስፋ አላት፤ ሕመሙ ግን ከባድ መሆኑን አንሸሽግም። በአሜሪካ በተሰበሰበ መረጃ ሕመሙ ወደ ሩቅ አካላት ሳይሰራጭ ከተደረሰባቸው ሴቶች ግማሽ ያህሉ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ይገኛሉ፤ ከተሰራጨባቸው ግን ከአምስቱ አንዷ ገደማ ናት። በኬሞው ካንሰሩ ጨርሶ ከጠፋ ተስፋው በጣም ይጨምራል። በሚቀጥለው ቀጠሮ አብረዋት ይግቡና ሳንባዋ፣ ጉበቷና አጥንቷ መመርመራቸውን፣ የሆርሞን ተቀባይና የኸር-2 (በብዛት ሲገኝ ካንሰሩን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ምርመራዋም ምን እንዳሳየ ሐኪሟን ይጠይቁ፤ ኸር-2 ከተገኘባት ትራስቱዙማብ፣ ካንሰሩ በሆርሞን እንዲያድግ የሚያደርገው የሆርሞን ተቀባይ ከተገኘባት ደግሞ እንደ ታሞክሲፈን ያለ ለዓመታት የሚዋጥ መድኃኒት ይጨመርላታል።