አዲስ ባትሪ ከመግዛትህ በፊት መኪናዋን አስተኛት

ወንድሜ፣ «ባትሪው ገና 4 ወሩ ነው፤ ግን መኪናዋ 3 ቀን ከቆመች አትነሳም። ሌላ ልግዛ ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። እባክህ ሳትለካ አትግዛ። እኔ በዚሁ ችግር ሁለት ባትሪ ከቀየርኩ በኋላ ነው ጥፋቱ የባትሪ እንዳልሆነ የገባኝ።

መጀመሪያ ቀላሉን ጨርስ። ባትሪውን በቻርጀር ሙላውና ኔጋቲቩን (የ«−» ገመዱን) ፈትተህ አሳድረው። ጠዋት በመልቲሜትር 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየህ ደህና ነው። 12.2 ከሆነ ግን ግማሽ ያህሉ ሄዷል። ተፈትቶ አድሮ እንዲህ ከወረደ ባትሪው ራሱ ታሟል። ከዚያ ሞተሩን አስነሳና እንደገና ለካ። በአብዛኛው መኪና ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ታያለህ። 12 ቮልት ላይ ከቀረ ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ አይደለም።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ፣ መኪናዋ ቆማ ሳለ ባትሪ የሚበላ ነገር አለ ማለት ነው።

ሞተሩን አጥፋ፣ ቁልፉን ከመኪናዋ አርቅ። ኮፈኑን እንደከፈትክ መቆለፊያውን በካቻቢቴ ተጫነው፣ መኪናዋ የተዘጋ እንዲመስላት። የውስጡ ፊውዝ ሳጥን ጋ መድረስ ካለብህ የበሩንም መቆለፊያ እንዲሁ አድርግ። ስትጨርስ ኮፈኑን ከመዝጋትህ በፊት መልሰህ መክፈቱን አትርሳ። መልቲሜትሩን 10 አምፔር ላይ አድርግ፤ ቀዩን ገመድም ወደ 10 አምፔሩ ቀዳዳ አዛውረው። አሁን ኔጋቲቩን ፈትተህ፣ ሜትሩን በገመዱና በባትሪው ራስ መካከል አስገባ። በዚህ ሁኔታ ሞተር ለማስነሳት በፍጹም እንዳትሞክር። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ መቶና ከዚያ በላይ አምፔር ስለሚስብ ሜትሩን ያቃጥልብሃል።

አሁን ጠብቅ። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ወዲያው 2 አምፔር ሲያሳየኝ «አገኘሁት» ብዬ ፊውዝ መንቀል ጀመርኩ። ሬዲዮውን ፈታሁ፣ አላርሙን ፈታሁ። በር በከፈትኩ ቁጥር ቁጥሩ ወደ ላይ ይዘላል። ቀኑን ሙሉ የለካሁት የነቃችውን መኪና ነበር። የመኪና ኮምፒውተሮች ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ይሠራሉ፤ ቀስ በቀስ ነው የሚተኙት። 30 ደቂቃ ስጣቸው፤ አንዳንዷ መኪና አንድ ሰዓትም ትወስዳለች። በማግስቱ ምንም ሳልነካ 40 ደቂቃ ስጠብቅ ቁጥሩ ወርዶ 0.45 ላይ ቆመ። እውነተኛው ይሄ ነው። ጤነኛ መኪና በአብዛኛው ከ0.05 አምፔር በታች ነው የምትበላው።

0.45 ትንሽ ይመስላል። ግን በቀን ወደ 11 አምፔር ሰዓት ነው። ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ በ3 ቀን ከግማሽ በላዩን ያጣል። ያንተም 3 ቀን ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ፊውዝ አትንቀል። ስትነቅልና ስትመልስ የተኛው ይነቃል፣ እንደገና መጠበቅ ነው። ሜትሩን ከባትሪው ካወጣህ በኋላ ኔጋቲቩን መልሰህ እሰርና መኪናዋ ድጋሚ እስክትተኛ ቆይ። ከዚያ ቀዩን ገመድ ወደ ቮልቱ ቀዳዳ መልስና ሚሊቮልት ላይ አድርግ። ፊውዙ ጀርባ ላይ ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች አሉ፤ ሁለቱን ንካ። ዜሮ ከሆነ በዚያ ፊውዝ የሚያልፍ ነገር የለም። ቁጥር ካሳየህ በዚያ የሚያልፍ ኃይል አለ፤ ከሌሎቹ ጎልቶ የወጣውን ጠርጥር።

እኔ ጋ የውስጥ መብራቶች ፊውዝ ሆኖ ተገኘ። ጣሪያው መብራት ጠፍቷል፣ የኋላውም ጠፍቷል። ስልኬን ቪዲዮ እየቀረጸ ክሩስኮቱ ሥር ባለው የዕቃ መያዣ ውስጥ ዘጋሁበት። ክዳኑ ተዘግቶም አምፖሉ በርቶ ነበር! ማጥፊያው አልቆ ነው። አንዲት ባለ 5 ዋት አምፖል ሁለት ባትሪ አስገዛችኝ።

ሁሉም ፊውዝ ዜሮ ካለህ ዲናሞውን ጠርጥር። ውስጡ ያለው ዳዮድ (ኃይል ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው) ሲበላሽ ኃይል በቀጥታ በወፍራሙ ገመድ ያልፋል። ኔጋቲቩን ፈትተህ ያን ገመድ ከዲናሞው ንቀል፤ ብረት እንዳይነካ በደንብ ጠቅልለውና እንደገና አምፔሩን ለካ፤ ቁጥሩ ከወረደ ጥፋቱ የዲናሞው ነው።

አንድ ነገር ንገረኝ፤ በቅርቡ ጂፒኤስ፣ አላርም ወይም ካሜራ አስገጥመሃል? ካስገጠምክ ከሱ ጀምር። ካልሆነ ከተኛች በኋላ ያገኘኸውን ቁጥርና የፊውዙን ስም ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።