የፖስተሩ ሙገሳ ለማን ነው?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ስለ ደራሲ ሕይወት የተሠራ ፊልም ከተባለ አያመልጠኝም። ባለፈው ሳምንት ስለ አሜሪካዊው ደራሲ ትሩማን ካፖቲ የተሠራውን «ካፖቲ»ን ፍላሽ ላይ አስጭኜ አየሁት። ማስታወቂያውን ቢያዩት በሙገሳ ተጨናንቋል። ግማሹ ላይ ግን እንቅልፍ ጣለኝ። የሕይወት ታሪክ ይሉታል፣ ልጅነቱ የለ፣ ሞቱ የለ። ሞኙ እኔ ነኝ ወይስ ፖስተሩ ዋሽቶኛል?
ሰ.፣ ከአዳማ

መልስ፦ የአዳማው ልጄ፣ ሞኝስ አይደለህም። የተኛኸው ግን ያለ ቦታው ነው። እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ኃጢአቴን ልናዘዝ። ወጣት ሳለሁ ለአንድ ሲኒማ ቤት ማስታወቂያ እጽፍ ነበር። አዳራሹ ባዶውን በከረመ ሳምንት አለቃዬ ይጠራኝና «በተመልካች ጥያቄ ለተጨማሪ አንድ ሳምንት በይ» ይለኛል። የጠየቀ ተመልካች የለም። የሚቀጥለው ፊልም ስላልደረሰ ነው። እኔም ቃል አጋኖ ጨምሬበት እጽፋለሁ።

ሆሊውዶች ደግሞ ከእኔም ይብሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሶኒ ዴቪድ ማኒንግ የሚባል ሃያሲ እየጠቀሰ ፊልሞቹን ሲያስተዋውቅ ተያዘ። ኒውስዊክ መጽሔት ቢያጣራ፣ እንዲህ የሚባል ሃያሲ ጭራሽ አልተፈጠረም! ሙገሳውን የጻፉት እዚያው ኩባንያው ውስጥ ነው። ክስ መጣ። በ2005 ኩባንያው 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በማስታወቂያው ተታለልኩ ያለ ተመልካች 5 ዶላር እንዲመለስለት ተባለ። (የእኔን ሲኒማ ቤት ተመልካቾች ማን ይካሳቸው ይሆን?)

ያንተው ፊልም ግን ከዚህ ጋር አይደመርም። የተሞገሰው በእውነተኛ ሰዎች ነው። ማንን እንዳሞገሱ ልብ ብለህ እይ እንጂ። «ካፖቲ» በ5 ዘርፍ ለኦስካር ታጭቶ ያሸነፈው በአንዱ ብቻ ነው፤ በምርጥ ተዋናይ። ሽልማቱን የወሰደው ፊሊፕ ሲይሞር ሆፍማን ነው። ካፖቲ ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ60 ብዙም የማያልፍ፣ ድምፁ እንደ ልጅ የቀጠነ ሰው ነበር። ሆፍማን ደግሞ ደልደል ያለ፣ ድምፁም ወፍራም። ያ ሰው ነው ያንን ሰው የሆነው። ሰዉ ሁሉ አፉን የከፈተው ለዚህ ነው። ደራሲ ሲሠራ ምን አለው? ይቀመጣል፣ ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ ያጨሳል። ይህ ፖስተር አይሞላም። ስለዚህ የደራሲ ፊልም ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ የሚሸጥልህ ተዋናዩን ነው። አንተ ደራሲውን ልታይ ሄድክ፣ እነሱ ያወሩልህ ስለ ሆፍማን ነው።

ልጅነቱ የለም ላልከው፣ ፊልሙ የያዘው ከ1959 እስከ 1965 ያለውን ጊዜ ነው። ካንሳስ ውስጥ ሆልኮምብ በምትባል ትንሽ መንደር አንድ ገበሬ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ቤቱ ውስጥ ተገደለ። ካፖቲ ዜናውን ጋዜጣ ላይ አነበበና ሄደ። ከዚያ ጉዞ «ኢን ኮልድ ብለድ» የተባለው መጽሐፉ ወጣ። ከገዳዮቹ አንዱን፣ ፔሪ ስሚዝን፣ ወዳጅ አደረገው። ጠበቃ ፈለገላቸው። ይግባኙ ሲንዛዛ ግን መጽሐፉም አላልቅ አለው፤ መጨረሻ የሚያገኘው ሰዎቹ ሲሰቀሉ ነው። ወዳጁ ይሞት ዘንድ የሚጠብቅ ደራሲ! የተኛኸው እዚህ ላይ ነው፣ ልጄ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። በዚሁ ደራሲና በዚሁ ታሪክ ላይ ሌላ ፊልም አለ፣ «ኢንፈመስ» ይባላል። ካፖቲን የሚሠራው ቶቢ ጆንስ ነው። በቁመት ከሆፍማን ይልቅ እሱ ነው የሚመስለው። ሳንድራ ቡሎክ አለችበት፣ ዳንኤል ክሬግ አለበት። ማን ሰማው? «ካፖቲ» በ2005 ሴፕቴምበር መጨረሻ በጥቂት አዳራሾች ተከፈተ፤ የሽልማቱ ወሬ ሊጀመር ሲል። ወሬው ሲበዛ አዳራሹም በዛ። «ኢንፈመስ» የመጣው በዓመቱ ነው፣ ሰዉ ስለ ካፖቲ ሰምቶ ከጠገበ በኋላ። ያኔ ማን ደግሞ ሊያጨበጭብ? እኔን ከጠየቅኸኝ የኒውዮርኩን ሐሜትና ግብዣ «ኢንፈመስ» ይበልጥ ያውቅበታል። እስር ቤቱ ውስጥ ግን ሆፍማንን የሚያህል የለም።

ስለ ሙገሳ ካነሳን፣ መጀመሪያ አካባቢ ያለውን ባቡር ታስታውሳለህ? እዚያ ድረስ እንኳ ነቅተህ ነበር መሰለኝ። ካፖቲ ከጓደኛው ከሃርፐር ሊ ጋር ወደ ካንሳስ ይሄዳል። ሻንጣ የሚሸከመው ሠራተኛ መጽሐፉን እያነሳ ያሞግሰዋል። ካፖቲ ደስ ብሎት ይሽኮረመማል። ሃርፐር ሊ ግን ወዲያው ነቃችበት፤ ሰውዬውን እንዲህ በል ብሎ የከፈለው ራሱ ካፖቲ ነው! ያን ጊዜ አለቃዬ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅኩ።

በል አሁን ከባቡሩ ጀምረህ እንደገና እየው። ማታ አይደለም፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቡናህን ይዘህ። ፍላሹ ላይ ቦታ ካለ «ኢንፈመስ»ንም አስጭነውና የትኛው ካፖቲ እንደበለጠብህ ጻፍልኝ።